ድመቱና የራበው ሰው

ባለፈው ዓመት አዴላይድ የምትኖረውን እኅቴን ልጠይቅ አውስትራሊያ ሄጄ ሳለ ፖርት ሊንከን ወደምትባል የባሕር ዳር ከተማ በመኪና ወሰዱኝ። እዚያ የማቲው ፍሊንደርስ ሐውልት አለ። እ.ኤ.አ. በ1802 ይህን ጠረፍ በመርከብ እያሰሰ ካርታውን የነደፈ እንግሊዛዊ ነው። አብሮት ድመቱ ትሪም ተቀርጿል።

የእኅቴ ልጅ ሰውዬውን ትቶ ድመቱን መደባበስ ጀመረ፤ እኔም ታሪኩን ነገርኩት። ትሪም የተወለደው መርከብ ላይ ነው። ግልገል ሳለ ባሕር ውስጥ ወድቆ፣ ዋኝቶ፣ በገመድ ተንጠላጥሎ ወጣ። አውስትራሊያን ከጌታው ጋር ዞረ። ፍሊንደርስ ወደ አገሩ ሲመለስ በ1803 ሞሪሸስ ላይ ፈረንሳዮች ያዙት፤ ከስድስት ዓመት በላይም አቆዩት። ትሪም እዚያ ጠፋ። ፍሊንደርስ በግዞት ሆኖ ስለ ድመቱ ውብ መታሰቢያ ጻፈ፤ የራበው ባሪያ ሳይበላው እንዳልቀረም ገመተ።

ልጁ ቀና ብሎ፣ “የበላው ሰውዬስ ጠገበ?” አለኝ።

መልስ አጣሁ። ታሪኩን መጀመሪያ ያነበብኩ ዕለት አንጀቴን የበላኝ ድመቱ ነበር። ስለ ባሪያው ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ አንዴም አላሰብኩም።

እንስሳ መውደድ የጥጋበኞች ነገር ነው የሚሉ ወንድሞች አሉ። አልስማማም። ጌታ ድንቢጦችን እንኳ አልረሳም፤ መጽሐፈ ምሳሌም ለእንስሳው ነፍስ የሚራራውን ጻድቅ ይለዋል። ፍሊንደርስም ልበ ደንዳና አልነበረም። እዚያው ፖርት ሊንከን አቅራቢያ ጀልባ ተገልብጣ ስምንት ሰዎቹ ሲሞቱ፣ በአካባቢው ያሉትን ደሴቶች በስማቸው ሰይሟል። ለመርከበኞቹ አዘነ፣ ለድመቱ አለቀሰ። የዚያ ባሪያ ራብ ግን በጽሑፉ ውስጥ ድመቱ እንዴት እንደጠፋ ማስረጃ ብቻ ሆኖ ቀረ። የሚያስፈራኝ ይህ ነው፤ ርኅራኄያችን እውነተኛ ሆኖ ሳለ፣ አጠገቡ ያለውን ሰው ሳያይ ሊያልፍ ይችላል። ድመቱን አብዝቶ ስለ ወደደ አይመስለኝም። ባሪያውን ከመጀመሪያውም የሚታዘንለት ሰው አድርጎ አላየው ይሆናል።

እኔስ? ቤታችን ውሻ አለ። ምን እንደሚወድ፣ መቼ እንደሚያመው አውቃለሁ። የግቢያችን ዘበኛ አራት ዓመት በር ከፍተውልኛል፤ እራታቸውን የት እንደሚበሉ ግን አላውቅም ነበር።

አዲስ አበባ በተመለስኩ ማታ የውሻውን ሳህን ይዤ ስወጣ፣ “ጋሼ፣ እራት በልተዋል?” አልኳቸው።

ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ሳቁ። “ዛሬ ደግሞ ምን ተገኘ፣ ልጄ?”