የጀግና ልብስና የእውነት ዕዳ

የጥንት ጀግና በሲኒማ ሲታይ ምን ይልበስ? ይህ ጥያቄ በከሚሴ ከተማ ከመምህራን ወዳጆቻችን ጋራ ስንጨዋወት ተነሣ። ነገሩ ሲሰሙት የልብስ ሰፊ ጉዳይ ይመስላል፤ ጠለቅ ብለው ሲመረምሩት ግን የእውነትና የአክብሮት ጥያቄ ሆኖ ይገኛል።

እ.ኤ.አ. በ1938 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በሥዕል መጽሔት የወጣው ሱፐርማን የተባለው ጀግና፥ በሰማያዊ ልብሱ ላይ ቀይ ካባና ቀይ ቁምጣ ይደርብ ነበር። በ2013 የቀረበው ፊልም ቁምጣውን አስቀረው፤ በ2025 የቀረበው ደግሞ መለሰው። ይህ ጀግና ከሐሳብ የተፈጠረ ስለሆነ፥ ልብሱ ቢጨመር ወይም ቢቀነስ የሚበደል ሙት የለም።

የኛ ነገር ግን ከዚህ ይለያል። በ1888 ዓ.ም. ከራስ ሚካኤል ጋራ ወደ ዐድዋ የዘመተው የወሎ ፈረሰኛ በእውነት የነበረ ሰው ነው፤ የልጅ ልጆቹም ዛሬ በመካከላችን አሉ። ከኅዳር 28ቱ ከአምባላጌ ውጊያ እስከ የካቲት 23ቱ ድል ድረስ ብቻ ሦስት ወር ያህል ዐልፏል። ወደ ባቲ የሰኞ ገበያ ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ የመጣ ሰው ነጠላው ምን እንደሚመስል ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቃለን። ታዲያ ወራት የዘመተ ሠራዊት በፊልም ላይ አሁን ከሳጥን በወጣ ነጭ ሸማ ሲሰለፍ ዓይናችን አያምንም፤ ዓይን ያላመነውንም ልብ አያከብረውም።

እንዲሁም አቧራውንና ቡትቶውን ብቻ እውነት አድርገው የሚያዩ አሉ። ይህም ስሕተት ነው። ጀግና የውጊያ ቀን እንደ ክብር ቀን ስለሚቈጠርለት፥ ለምድ ያለው ለምዱን፥ ጎፈር ያለው ጎፈሩን ይለብስ ነበር። ነገር ግን የአንበሳ ጎፈር ጌጥ ብቻ ሳይሆን የጀብዱ ምስክር ነበረ። ስለዚህ ለተሰለፈው ሁሉ ጎፈር ማልበስ፥ ያልገደለውን ገዳይ ብሎ መሸለም ነው፤ በእውነት የተሸለመውንም ሰው ሽልማት ማርከስ ነው።

እንግዲህ አቧራው በመንገዱ፥ ጎፈሩም በቀኑና በባለቤቱ ላይ ይታይ እንላለን። ፊልም ሠሪው ጨርቁን ከመቅደዱ በፊት ሽማግሌዎችን ይጠይቅ፥ የድሮ ፎቶግራፎችንም ይመልከት። ታሪክን ከመጽሐፍ ይልቅ ከፊልም የሚማር ወጣት በበዛበት በዚህ ዘመን፥ የተሳሳተ ልብስ የተሳሳተ ትምህርት ይሆናል። ሙታን ተነሥተው «ልብሳችን ይህ አይደለም» ብለው አይከራከሩም፤ ስለነሱ መከራከር የኛ የሕያዋኑ ዕዳ ነው።