የጁሙዓ ማስታወሻ፦ «ኡስታዝ፣ ለምን ተመለሱ?»



ምስጋና ለአላህ ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

ውድ ወንድሞቼና እህቶቼ፤

ባለፈው ታኅሣሥ ወንድሜ ጋብዞኝ ለሦስት ሳምንት ካናዳ፣ ኤድመንተን የምትባል ከተማ ለጉብኝት ሄጄ ነበር። ወደ መቱ በተመለስኩ በመጀመሪያው ጁሙዓ፣ ከሰላት በኋላ አንድ ደረሳዬ ጠጋ ብሎ «ኡስታዝ፣ ለምን ተመለሱ?» አለኝ። «እንዴት ነበር?» አላለኝም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ስሄድም ብዙ ሰው የሸኘኝ እንደማይመለስ ሰው ነው። አንዲት እናት «አላህ ያግራልህ ልጄ፣ እዚያው አግባ» ብለው አልቅሰውልኛል።

መጀመሪያ ያየሁትን ልንገራችሁ። የያዮን ደንና የሶርን ፏፏቴ የለመደ ዓይን፣ ለጥ ባለ ነጭ ሜዳ ላይ ማረፊያ ያጣል። ብርዱ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ይደርሳል። መኪና ሲቆም ሞተሩ እንዳይቀዘቅዝ እንደ ስልክ በኤሌክትሪክ ገመድ ይሰካል። ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር 3 ሰዓት ሊሆን ሲል ወጥታ 10 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ትጠልቃለች። ከዙህር እስከ መግሪብ አራት ሰዓት አይሞላም። በመድረሳ ሳለን «በኹፍ ላይ ማበስ ለነዋሪ አንድ ቀን ከነሌሊቱ፣ ለሙሳፊር ሦስት ቀን ከነሌሊቱ» እያልን በቃላችን እንቀራ ነበር። በዚህ ሕግ ውስጥ ያለው እዝነት የገባኝ ግን ያን ብርድ ካየሁ በኋላ ነው።

ይህች ማስአላ ሌላም ነገር አሳሰበችኝ። ዑለማዎች በቀኑ ብዛት ቢለያዩም፣ ለመቀመጥ የወሰነ ሰው ሙሳፊርነቱ ያበቃል። አብሮት የሚሰግደው ሰው ይህን አያውቅም። ኒያውን የሚያውቁት አላህና እሱ ብቻ ናቸው። የቪዛው ቅጽ የጠየቀኝም ይህንኑ ነበር። ለምን ትሄዳለህ? ስንት ቀን ትቆያለህ? ትመለሳለህ ወይ? እኔም «ጎብኝቼ እመለሳለሁ» ብዬ ፈርሜያለሁ። በወረቀት ሙሳፊር፣ በልቡ ነዋሪ ሆኖ የሚሄድ ሰው ሰላቱን በየትኛው ኒያ ይሰግዳል?

የመመለሻዬ ዋዜማ ማታ ወንድሜ «ተው ቅር፣ ስንቱ እንዲህ ቀርቷል» አለኝ። ልቤ አልተፈተነም ብል እዋሻለሁ። እሱ በሳምንት የሚያገኘው የእኔ የወራት ደሞዝ ነው። ያን ሌሊት እንቅልፍ ሳይወስደኝ የሁዘይፋ ኢብኑል የማን (ረ.ዐ) ታሪክ ትዝ አለኝ። እሳቸውና አባታቸው ወደ መዲና ሲጓዙ የቁረይሽ ሰዎች ያዟቸው፤ ከነቢዩ ጋር ሆነው እንደማይዋጉ ቃል አስገብተውም ለቀቋቸው። ይህን ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲነግሯቸው፣ በድር ላይ ሙስሊሞች አንድ ሰው እንኳ በሚያስፈልጋቸው ሰዓት፣ ቃላችሁን ጠብቁ ብለው መለሷቸው። ሐዲሱ በሶሒሕ ሙስሊም ተዘግቧል። አስተውሉ፤ ቃሉ የተሰጠው ለጠላት ነው፣ ያውም ተገደው። እኔ ግን ማንም ሳያስገድደኝ፣ ወድጄ ለፈረምኩት ወረቀት ምን ሰበብ አለኝ?

«አንድ ሰው ቢቀር ማንን ይጎዳል?» የሚል አይጠፋም። ኤድመንተን ውስጥ አር-ረሺድ የሚባል መስጂድ አለ፤ በካናዳ የመጀመሪያው ነው፣ በ1938 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተከፈተ። ያኔ የከተማዋ ሙስሊሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ሂልዊ ሐምዳን የተባሉ እናት ከሌሎች እህቶች ጋር ሆነው ከንቲባው ዘንድ ሄደው ቦታ ጠየቁ። ገንዘቡ ሲሰበሰብ ክርስቲያኖችና አይሁዶችም አዋጡ። ሰው ለማያምነው ጎረቤት ገንዘብ አያዋጣም። ዛሬ እኔ እዚያ በእንግድነት የተከበርኩት እነዚያ ሰዎች ባቆዩልኝ አመኔታ ነው። ይህ አመኔታ የጋራ አማና ነው። አንዱ ዋሽቶ ሲቀር ዕዳውን የሚከፍለው እሱ አይደለም። የልጅ ልጇን ለማየት ከበደሌ ወይም ከጎሬ የምታመለክት እናት ናት፤ እውነት ብትናገርም ከእሷ በፊት የዋሸው ሰው በእሷም ላይ ጥርጣሬ ያመጣባታል።

አትሳሳቱብኝ። ስደት ሐራም ነው እያልኩ አይደለም። ነፍሱ አደጋ ላይ የወደቀ ሰው የአላህ ምድር ሰፊ ናት። የመጀመሪያዎቹን ሙሃጂሮች የተቀበለችው የእኛዋ ሐበሻ አይደለችምን? ግን ጃዕፈር (ረ.ዐ) በነጃሺ ፊት እንዴት እንደቆሙ አስታውሱ። ስለ ዒሳ (ዐ.ሰ) ሲጠየቁ ንጉሡን የሚያስደስት ቃል አልፈለጉም፤ የሚያምኑትን ተናገሩ። ጥገኝነት ያስገኘላቸውም እውነት ነው። አደጋ ያለበት ሰው አደጋውን ይናገር። ሥራ የሚፈልግ የሥራውን በር፣ ትምህርት የሚፈልግ የትምህርቱን በር ያንኳኳ። ያልደረሰበትን መከራ ፈጥሮ መማል ግን በሐሰት መመስከር ነው።

ለደረሳዬ ይህን ሁሉ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና «እሺ ኡስታዝ፣ ግን እዚህ ምን አለ?» አለኝ። ይህ ጥያቄ የእሱ ብቻ አይደለም፤ የእኛም ነው። የቡና መሬት ያለን፣ ሱቅ ያለን፣ ሰው የሚሰማን ሰዎች ለእነዚህ ልጆች የሥራ በር ሳንከፍት «አትዋሹ» ብቻ ብንል ዳዕዋችን ጎዶሎ ነው። በመጪው ሳምንት እያንዳንዳችን አንድ ወጣት ይዘን «ምን ላግዝህ?» እንበል። ወጣቱም ቅጹን ከመሙላቱ በፊት ኒያውን ይጠይቅ። «ሥራ የሚለካው በኒያ ነው» የሚለውን ሐዲስ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በምሳሌ ያስረዱት በተጓዥ መሆኑን አንርሳ።

ያ ረብ! ሙሳፊሮቻችንን ጠብቅልን፣ በሰው አገር ያሉ ወንድምና እህቶቻችንን ሐላል ሪዝቅ ለግሳቸው፣ ቃላችንን የምንጠብቅ አድርገን። አሚን።

ሱረቱል ካህፍን መቅራትና በነቢያችን ላይ ሰለዋት ማብዛት አትርሱ። ጁሙዓ ሙባረክ።