ክሬዲቱን ማን ይቀበልላችኋል?

ልጆቼ፣ ሁለተኛ ደረጃ ሳይጨርሱ የኮሌጅ ኮርስ መውሰድ ይቻላል። አመሻሽ ላይ ሙቀቱ በረድ ሲል እዚህ ጅቡቲ ሜኔሊክ አደባባይ ቅስቶቹ ሥር ስታገኙኝ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ይህንኑ ስለሆነ መልሱን አስቀድሜ ሰጠኋችሁ። ሲያትል ያለችው የአክስታችሁ ልጅ አሥራ ሁለተኛን ስትጨርስ የሁለት ዓመት የኮሌጅ ትምህርትም አብራ ጨርሳለች ሲባል ሰምታችሁ ልባችሁ ተነሥቷል። ወላጆቻችሁም ሰምተዋል። ከወደብ ደመወዝ ላይ ቆጥቦ ልጅ ለሚያስተምር ቤተሰብ አንድ ዓመት ማሳጠር ማለት የአንድ ዓመት የቤት ኪራይና የትምህርት ክፍያ ማዳን ነው። ይህን ማሰብ ያስመሰግናል እንጂ አያስነቅፍም። እኔ የምላችሁ አንድ ነገር ነው፤ ኮርሱን ከመጀመራችሁ በፊት ተቀባዩን እወቁ።

ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በትራንዚት ሥራ ነው። ጭነት ከመርከብ ሲወርድ ሰነዱ ላይ መጀመሪያ የሚታየው የተቀባዩ ስም ነው። ዕቃው የቱንም ያህል ውድ ቢሆን ተቀባይ ካልቀረበለት ወደብ ላይ ይቀመጣል፤ በየቀኑም ዲሜሬጅ የሚባለው የመዘግየት ክፍያ ይቆጠርበታል። ሁለተኛ ደረጃ ላይ ሆናችሁ የምትይዙት ክሬዲትም እንዲሁ ነው። የሰጣችሁ ተቋም ማኅተሙን ቢያሳርፍበትም ዋጋ የሚያገኘው ነገ የምትገቡበት ዩኒቨርሲቲ ሲቀበለው ብቻ ነው።

ወሬው የሚመጣላችሁ ከአሜሪካ ስለሆነ የዚያን አገር አሠራር ልንገራችሁ። ዋናው መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው ኮርሱን እዚያው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ተምሮ በመጨረሻ አንድ ከባድ ፈተና መፈተን ነው። ኤፒ የሚሉት ይህ ነው። ኮሌጅ ቦርድ የተባለው ድርጅት ከ1955 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያካሂደዋል፤ ውጤቱ ከ1 እስከ 5 ይሰጣል። 3 ያመጣውን የሚቀበል ዩኒቨርሲቲ አለ፤ 5 ካልሆነ አልቀበልም የሚል አለ፤ 5 ላመጣም ቢሆን ክሬዲት ሳይሰጥ ከፍ ካለው ኮርስ እንዲጀምር ብቻ የሚፈቅድ አለ። ሁለተኛው መንገድ ተማሪው ራሱ ኮሌጅ ሄዶ ከኮሌጅ ተማሪዎች ጋር አብሮ መማር ነው። ሚኔሶታ ይህን በ1985 እ.ኤ.አ. በሕግ ፈቀደች፤ ዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ደግሞ በ1990 እ.ኤ.አ. ረኒንግ ስታርት የተባለውን መርሐ ግብር አወጣች። ሁለቱም ኢትዮጵያዊ ወገናችን በብዛት የሰፈረባቸው ስለሆኑ ዜናው እዚህ ለመድረስ አልዘገየም። የሲያትልና የአካባቢዋ ልጆች አሥራ አንደኛ ሲገቡ በአቅራቢያቸው ያለ ኮሌጅ ይመዘገባሉ። የትምህርት ክፍያው ይቀርላቸዋል፤ መጽሐፉና ትራንስፖርቱ ግን ከኪሳቸው ነው። አንድ ኮርስ ብዙውን ጊዜ 5 ክሬዲት ይይዛል፤ 90 የሞላለት የሁለት ዓመቱን ዲግሪ ያገኛል።

ዘመድ በስልክ የማይነግራችሁ ነገር ደግሞ አለ። ኮሌጅ ገብቶ የተወሰደ ኮርስ ውጤቱ ከመዝገብ አይጠፋም። በአሥራ ስድስት ዓመታችሁ ያመጣችሁት ኤፍ፣ ለማስተርስ ወይም ለሕክምና ስታመለክቱ ትራንስክሪፕቱ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል። የእህቴ ልጅ ሲያትል አጠገብ ሬንተን ነው የምትኖረው። የመጀመሪያ ኮርሷ የእንግሊዝኛ ድርሰት ነበር። ትምህርት በተጀመረ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ደውላ «አጎቴ፣ እዚህ የሚያስታውስህ ሰው የለም። የማስረከቢያው ቀን ካለፈ ዝም ብለው ዜሮ ይጽፉልሃል» አለችኝ። ትምህርቱ አልከበዳትም፤ የከበዳት ቀኑን ራሷ መጠበቅ ነበር። ወረቀት አስምራ የእያንዳንዱን ሥራ ማስረከቢያ ቀን በቀይ ጽፋ ከአልጋዋ ራስጌ ለጠፈችው። ያንን ኮርስ በቢ ጨረሰች። በቀጣዩ ሩብ ዓመት ሁለት ኮርስ መውሰድ ይፈቀድላት ነበር፤ እሷ ግን አንድ ብቻ ወሰደች። እናቷ «ለምን አትፈጥኝም?» ብላ ብትቆጣም እኔ ከልጅቷ ጋር ነበርኩ፤ ዛሬም ከእሷ ጋር ነኝ።

ሐኪም መሆን የምትመኙ ደግሞ ይህንን ያዙ፤ ብዙ የአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤቶች መሠረታዊውን ኬሚስትሪና ባዮሎጂ በኤፒ ፈተና ብቻ ማለፍን አይወዱትም፤ ዩኒቨርሲቲ ገብታችሁ ከነቤተ ሙከራው ተምራችሁ እንድታሳዩአቸው ይፈልጋሉ።

ሁለተኛ ደረጃ ላይ ሆኖ ለዩኒቨርሲቲ ቀድሞ መዘጋጀት ለአገራችን ለኢትዮጵያም እንግዳ አይደለም። በንጉሡ ዘመን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር የነበረው የልዑል በእደ ማርያም ላቦራቶሪ ትምህርት ቤት ከየጠቅላይ ግዛቱ የተመረጡ ተማሪዎችን እያመጣ ለዩኒቨርሲቲ ያዘጋጅ ነበር። ያ ለጥቂቶች የተደረገ ነው። ኋላ ግን ነገሩ ለመላው አገር ሆነ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አሥራ አንደኛንና አሥራ ሁለተኛን መሰናዶ አደረጋቸው። የዩኒቨርሲቲው የፍሬሽማን፣ ማለት የመጀመሪያ ዓመት፣ ትምህርት ወደ መሰናዶ ወረደ፤ አራት ዓመት ይፈጅ የነበረው ዲግሪም በብዙ የትምህርት ክፍሎች ሦስት ዓመት ሆነ። የአሜሪካ ልጅ በግሉ መዝኖ የሚገባበትን ነገር እኛ ለአገሩ ልጅ ሁሉ በአንድ ጊዜ አደረግነው ማለት ነው።

ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። ኮርሱ ሲወርድ ግን ቤተ ሙከራው፣ ቤተ መጻሕፍቱና በዚያ ደረጃ የሠለጠነው መምህር አብረውት አልወረዱም። በብዙ ትምህርት ቤት ትምህርቱ የሚመጣው በፕላዝማ ቴሌቪዥን ነበር። ስክሪኑ ላይ ያለው ሰው በእንግሊዝኛ ይነጉዳል፤ አልገባኝም ብሎ እጁን ለሚያወጣ ልጅ የሚቆምለት የለም፤ መብራት ከጠፋም ክፍለ ጊዜው እንደወጣ ይቀራል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ፤ በ2012 ዓ.ም. የፍሬሽማን ዓመት ወደ ዩኒቨርሲቲው ተመለሰ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በተሰጠው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ደግሞ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ሆኑ፤ ዩኒቨርሲቲዎቻችንም ሬሜዲያል ብለው የሁለተኛ ደረጃውን ትምህርት መልሰው ማስተማር ያዙ። ይህን ቁጥር ባነሣሁት ቁጥር ያመኛል፤ ከጀርባው ያሉት ሰነፎች ሳይሆኑ ያልተማሩትን እንደተማሩ ተቆጥሮ ወደፊት የተገፉ ልጆች ናቸውና። ስለዚህ ኮርስ ቀድማችሁ ስትወስዱ በስሙ አትደሰቱ። መምህሩ ማን ነው? ስትጠይቁት ይመልስላችኋል? የጻፋችሁትን አንብቦ ያርምላችኋል? ይህ ከሌለ ክሬዲቱ ተቀባይ ቢያገኝ እንኳ በሁለተኛው ኮርስ ላይ ትወድቃላችሁ።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። የጅቡቲ ትምህርት መሠረቱ የፈረንሳይ ነው፤ ፈረንሳዮች ደግሞ ባካሎሪያ ከሚሉት የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና በፊት የዩኒቨርሲቲ ክሬዲት የማስያዝ ልማድ የላቸውም። ምክንያቱ ከሩቅ ይመጣል፤ ናፖሊዮን በ1808 እ.ኤ.አ. ባወጣው ድንጋጌ ባካሎሪያው ራሱ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ማዕረግ ነው። እናም ሊሴ የምትማሩ ልጆች ልብ ያላላችሁት ነገር በእጃችሁ አለ። የፈረንሳይን ባካሎሪያ በጥሩ ነጥብ ላለፈ ተማሪ ብዙ የሰሜን አሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በየትምህርቱ ክሬዲት ይሰጣሉ፤ ሞንትሪያል የሚገኘው ማክጊል እስከ 30 ክሬዲት፣ ማለት የአንድ ዓመት ያህል፣ ሊቆጥርለት ይችላል። ተጨማሪ ኮርስ ሳትገዙ፣ ደላላ ሳትለምኑ፣ የያዛችሁትን ትምህርት በደንብ በማጥናት ብቻ የሚገኝ ነው። የምትወስዱት የፈረንሳዩን ባካሎሪያ ነው ወይስ የጅቡቲን ብሔራዊ? ደንቡ የሚለያየው እዚህ ላይ ስለሆነ ይህን ለይታችሁ ጠይቁ።

በኢትዮጵያ ሥርዓተ ትምህርት የምትማሩት ደግሞ አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ መግባት ካሰባችሁ የሚያስገባችሁ የብሔራዊ ፈተናው ውጤት ነው፤ ከውጭ የያዛችሁት የኮሌጅ ኮርስ ፈተናውን አይተካላችሁም። በውጭ አገር የተገኘ የከፍተኛ ትምህርት ማስረጃ የአቻ ግምት የሚሠራለት አዲስ አበባ ባለው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። እንዲህ ያለ ማስረጃ ይዞ ነገ አገር ቤት ልግባ የሚል የሚያልፈው በዚያ በር ነው።

የቀረው በኢንተርኔት የሚወሰደው ነው። በቅርቡ አንዲት ልጅ እዚሁ አደባባዩ ላይ ስልኳን አምጥታ የጨረሰችውን ኮርስ ሰርተፊኬት አሳየችኝ። የታወቀ ዩኒቨርሲቲ አርማ አለበት፤ ስሟ በትልቁ ተጽፏል፤ የፕሮፌሰሩ ፊርማም አለ። መነጽሬን አድርጌ ስክሪኑን በሁለት ጣት አሰፋሁትና ከግርጌ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አብረን አነበብነው። ይህ ማስረጃ የዩኒቨርሲቲ ክሬዲት አይሰጥም፣ ባለቤቱም የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ነው አያሰኝም ይላል። ፊቷ ተለወጠ። ኮርሱ ስታቲስቲክስ ነበርና እስቲ አስረጂኝ አልኳት። የቡናውን ሒሳብ ወረቀት ገልብጣ አምስት የደመወዝ ቁጥሮች ጻፈችና የአንድ ሀብታም ደመወዝ አማካዩን እንዴት እንደሚያዛባው፣ መሐል ላይ ያለው ቁጥር ግን እንዴት እንደማይነቃነቅ አሳየችኝ። ትምህርቱ ገብቷታል። እንግዲህ ማመልከቻዋ ላይ ትጽፈዋለች፤ የሚያነበው ሰው ብርታቷን ያይበታል። ክሬዲት አለኝ ብላ ግን አትጽፍም።

በኢንተርኔት እውነተኛ ክሬዲት የሚሰጡም አሉ። አሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ በ2015 እ.ኤ.አ. ኤድኤክስ ከተባለው የኢንተርኔት ትምህርት መድረክ ጋር የጀመረው አሠራር እንደ እናንተ ላለ ልጅ የተመቸ ነው። ተማሪው ኮርሱን ጨርሶ ውጤቱን ካየ በኋላ ክሬዲት እንዲሆንለት ሲፈልግ ብቻ ነው ዋናውን ገንዘብ የሚከፍለው። ውጤቱን ካልወደደው ይተወዋል፤ መዝገቡም አይበላሽበትም። እንዲህ ያለውን ፈልጉ። ሰው መጥቶ «ዛሬ ክፈሉ፣ ክሬዲቱ የትም አገር ይሠራል» ካላችሁ ግን ገንዘባችሁን ከኪሳችሁ አታውጡ፤ የትም አገር የሚሠራ ክሬዲት የለም። የአሜሪካ ትምህርት ሚኒስቴር ዕውቅና ያላቸውን ኮሌጆች ዝርዝር ለማንም ክፍት አድርጎ ኢንተርኔት ላይ አስቀምጧል። ስሙ እዚያ የሌለ የአሜሪካ «ኮሌጅ» ምንም ቢል አትስሙት።

ኮርስ ስትመርጡ ከልዩ ሙያ ይልቅ ሁሉም የሚፈልገውን አስቀድሙ፤ የእንግሊዝኛ ድርሰት፣ የኮሌጅ አልጀብራ፣ ስታቲስቲክስ። እነዚህ በአብዛኛው ተቀባይ አያጡም። ቁጥሩም አያደናግራችሁ፤ በአሜሪካ ሴሚስተር የአንድ ዓመት ትምህርት 30 ክሬዲት ሲሆን በዋሽንግተን ሩብ ዓመት አቆጣጠር 45፣ በአውሮፓው ደግሞ 60 ነው። ስድሳ ክሬዲት አለኝ ብሎ ሁለት ዓመት የጨረሰ የመሰለው ልጅ አውቃለሁ፤ የያዘው የአንድ ዓመት ነበር። የኮርሱን ሲላበስ ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ አስቀምጡ፤ የሚቀበላችሁ ዩኒቨርሲቲ ምን ምን እንደተማራችሁ ሲጠይቅ የሚያየው እሱን ነው። ትራንስክሪፕቱ ግን በእጃችሁ ሳይሆን ከሬጅስትራሩ በቀጥታ ይላክ።

ለተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ የምትጽፉት ደብዳቤ አጭር ይሁን። የኮሌጁን ስም፣ የኮርሱን ኮድና ርእስ፣ ልትማሩ ያሰባችሁትን የትምህርት ክፍል ጥቀሱ። ዝቅተኛው ተቀባይነት ያለው ውጤት ስንት እንደሆነ ጠይቁ። ኮርሱ ለዲግሪው የግድ ከሚያስፈልጉት ውስጥ ይቆጠራል ወይስ በምርጫ ኮርስነት ብቻ ይያዛል? ይህንንም ጠይቁ፤ ዩኒቨርሲቲው ተቀብሎት የትምህርት ክፍሉ የማይቆጥረው ብዙ ነውና። መልሱ በጽሑፍ ይሁን፤ በስልክ የተሰጠ ተስፋ ከሁለት ዓመት በኋላ የሚያስታውሰው ሰው አይገኝም።

አሥራ አንደኛ ያላችሁ ጊዜ አላችሁ፤ አንድ ኮርስ ሞክሩ። አሥራ ሁለተኛ ያላችሁ ግን ዘንድሮ ተዉት፤ ፈተናችሁ ይቀድማል። ፈተናው ካለፈ በኋላ ባለው ክረምትም ተጠንቀቁ። ሁለተኛ ደረጃ ሳይጨርሱ የተወሰደ ኮርስ አሜሪካ ስታመለክቱ አዲስ ገቢ ከመባል በአብዛኛው አያወጣችሁም፤ ከጨረሳችሁ በኋላ የምትወስዱት ግን አንዳንድ ዩኒቨርሲቲ ዘንድ ከሌላ ኮሌጅ የተዛወረ ተማሪ ሊያስብላችሁ ይችላል፤ ለአዲስ ገቢዎች የተቀመጠው ስኮላርሺፕም በዚያ ምክንያት ሊያመልጣችሁ ይችላል። ያን ክረምት ክሬዲት የሌለውን ነፃ ኮርስ ተማሩበት። በክሬዲት ልመዝገብ የሚል ካለ ደብዳቤውን አስቀድሞ ይላክ፤ መልሱ ሳይመጣም አይክፈል።