ከመንገዱ በፊት እግርን ማሰናዳት

ለገና ላሊበላን ለመሳለም ከስማዳ፣ ከእስቴና ከጋይንት በእግር የምትነሡ ወገኖቼ፣ ስንቅ ስታሰናዱ እግራችሁንም አሰናዱ። የበዓል ጫማ በዋዜማው ገዝቶ በዚያው ረጅም መንገድ መጀመር የብዙዎቻችን ልማድ ነው፤ ተዉት። ሳምንታት ቀድማችሁ ግዙት፤ ገበያና ቤተ ክርስቲያን እየሄዳችሁበት ይለስልስ። ስትለኩት ከረጅሙ ጣታችሁ ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ቦታ ይትረፍ፤ በቁልቁለት ጠባብ ጫማ ጣትን ያደማል።

ባዶ እግር ይሻላል የምትሉ ካላችሁ፣ ሯጩ አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሮጠው የቀረበለት ጫማ ስላልተስማማው ነው። በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ አሸነፈ። እሱ የተወው የማይስማማውን ጫማ ነው እንጂ ጫማን አይደለም። ዕድሜ ልክ በባዶ እግር ቀይ አፈር መርገጥ ዝሆኔን ሊያመጣ እንደሚችል እናውቃለን። ለስለት ባዶ እግሩን የሚጓዘውን አልነቅፍም፤ ግን ማታ ማታ በሳሙና ታጥቦ ያድርቀው።

እግር ውሃ የሚቋጥረው በርጥበትና በፍትጊያ ነው። የራሰ ቆዳ ከጫማ ጋር ሲፋተግ የላይኛው ሽፋን ከሥረኛው ይላቀቅና መካከሉን ፈሳሽ ይሞላዋል። ኮንጎ ጫማ ላብ አያስወጣም፤ በጉና ግርጌ የጠዋቱ ጤዛም ካልሲ ያርሳል። ስለዚህ ትርፍ ካልሲ ያዙ፤ የራሰውን አውልቃችሁ እግራችሁን አድርቁ፤ የሚፋተገውን ቦታ ቫዝሊን ቀቡት።

አጥብቄ የምለምናችሁ ግን ይህን ነው፤ ተረከዛችሁ መለብለብ ሲጀምር ወዲያው ቁሙ። ያን ጊዜ አንድ ፕላስተር ይበቃል። «ባልንጀሮቼን አስቀራለሁ» ብሎ ጥርስን ነክሶ መሄድ ጀግንነት አይደለም፤ ማታ ጓደኞቹን ይበልጥ የሚያስቀረው እንዲህ የሄደው ሰው ነው። ፊት ፊት የምትመሩ ጎበዞችም ዞር እያላችሁ ጠይቁ፤ ልጆችና ሴቶች አፍረው ዝም ይላሉ። ቅዳሜ ስንቅ ለማምጣት ከወገዳና ከመካነ ኢየሱስ ወደ ገጠር ለሚመላለሱ ተማሪዎችም ወላጆች ካልሲና ፕላስተር አትንፈጓቸው።

ውሃ ከቋጠረ ቆዳውን አትግፈፉት፤ ቁስሉን የሚጠብቀው እሱ ነው። በራሱ ከፈረጠ በሳሙናና በንጹሕ ውሃ አጥባችሁ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑት፤ አመድም እበትም አታስነኩት። መግል ከያዘ፣ ቅላቱ ከተስፋፋ ወይም ትኩሳት ካመጣ በመንገዳችሁ ላይ ካለው ጤና ጣቢያ ግቡ። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ግን ይህን ሁሉ ሳይጠብቅ፣ ትንሿን ቁስል እንዳየ ይሂድ።