በግድግዳ ላይ ስለሚሰቀል የጣዖታት ተረት ሥዕል

በዚህ ወር ለምናቀርበው ሐተታ መነሻ የሆነን ከአንድ ምእመን የደረሰን ጥያቄ ነው። ጠያቂው በሰሜን አሜሪካ ይኖራል። ቤቱን ባሳመረ ጊዜ በእንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ አንድ ታላቅ ሥዕል ሰቀለ። ሥዕሉ በቀጭን የአሉሚኒየም ሠሌዳ ላይ የታተመ ሲሆን፥ ነጭ ኮርማ አንዲት ቆንጆ በጀርባው ተሸክሞ ባሕር ሲያቋርጥ ያሳያል። እናቱ ከአገር ቤት ሊጠይቁት በሄዱ ጊዜ ግን በዚያ ክፍል ጸሎት ማድረስን እንቢ አሉ። እርሱም፥ «ይህ የቤት ጌጥ እንጂ ጣዖት አይደለም፤ የሚሰግድለትም የለም፤ እናቴ ስለ ምን ታዝናለች?» ሲል ጠየቀን። ነገሩ የአንድ ቤት ብቻ ስላልሆነ መልሱን ለሁሉ መጻፍ መልካም መስሎ ታየን።

አስቀድመን ሥዕሉ ከየት እንደ መጣ እንመልከት። የመጀመሪያውን የሣለው ቲሲያን የተባለው የቬኒስ ሠዓሊ ነው። ለእስጳንያ ንጉሥ ለዳግማዊ ፊልጶስ ከግሪክና ከሮማ ተረት እያወጣ ከሣላቸው ስድስት ሥዕሎች አንዱ ሲሆን፥ የተፈጸመውም እ.ኤ.አ. በ1562 ነው። ከብዙ ዘመን በኋላ እ.ኤ.አ. በ1896 ኢዛቤላ ስቱዋርት ጋርድነር የተባለች አሜሪካዊት ወይዘሮ ገዛችው፤ ዛሬም በቦስተን ከተማ በስሟ በሚጠራው ቤተ መዘክር ይገኛል። ጠያቂያችንም በመጀመሪያ ያየው በዚያ ነው።

እንዲህ ያለውን ሥዕል በቤት ለማኖር ዛሬ ንጉሥ መሆን አያሻም። የሥዕሉ ፎቶግራፍ በልዩ ቀለም በወረቀት ላይ ይታተማል፤ ወረቀቱም ልባስ በተቀባ የአሉሚኒየም ሠሌዳ ላይ ተደርጎ 200 ዲግሪ ያህል በሆነ ሙቀት ይጫናል። በዚያን ጊዜ ቀለሙ ወደ እንፋሎትነት ተለውጦ በልባሱ ውስጥ ይሠርጻል፤ ሲበርድም በዚያው ረግቶ ይቀራል። ሠሌዳው ያንጸባርቃል፥ በእርጥብ ጨርቅ ቢወለወልም ቀለሙን አይለቅም። በዚህ ዓይነት የቬኑስ መወለድ፥ የኢካሮስ መውደቅ፥ ጎያ እ.ኤ.አ. ከ1820 እስከ 1823 ባለው ጊዜ በገዛ ቤቱ ግድግዳ ላይ የሣለው ሳተርን ልጁን ሲበላ የሚያሳየው ሥዕል እንኳ ሳይቀር ለቤት ጌጥ ይሸጣል።

እንግዲህ ይህ ጣዖት ነውን? አይደለም። ጣዖትን ጣዖት የሚያሰኘው የሚቀርብለት አምልኮ ነውና። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው መልእክት ጣዖት ከንቱ መሆኑን አስተምሯል። ራሱም ከመላጥያ ወደ ሮሜ በተጓዘ ጊዜ የተሳፈረበት የእስክንድርያ መርከብ የዲዮስቆሮስ ምልክት ነበረበት። ዲዮስቆሮስ ማን ነው ቢሉ፥ ስሙ ከአባታችን ከቅዱስ ዲዮስቆሮስ ጋር ቢመሳሰልም እርሱን ማለት አይደለም፤ ግሪኮች የድያ መንታ ልጆች ብለው የሚያመልኳቸውን ሁለቱን ማለት ነው። ሐዋርያው ግን ስለ ምልክቱ ብሎ መርከቡን አልተወም። ቅዱስ ባስልዮስም ወጣቶች የአረማውያንን መጻሕፍት ሲያነብቡ፥ ንብ ከአበባው የሚጠቅማትን ወስዳ የቀረውን እንደምትተው እንዲያደርጉ መክሯል።

ስለዚህ ጠያቂያችን ጣዖት አይደለም ማለቱ እውነት ነው። ጌጥ ነው ማለቱ ግን ገና ምርመራ ያሻዋል።

እናቲቱን በስልክ አነጋገርናቸው። የጣዖትን ስም ጠርተው የሚነቅፉ መስሎን ነበር። እርሳቸው ግን ስለ ድያም ሆነ ስለ ግሪክ ተረት የሰሙት ነገር የለም። «አባቴ፥ ይህች ልጅ ትጮኻለች፤ የሚያስጥላትም የለም። እርሷን እያየሁ እንዴት አድርጌ አቡነ ዘበሰማያት ልድገም?» ብለው መለሱልን።

ይህን በሰማን ጊዜ ተረቱን አሰብን። ኦቪድ የተባለው የሮማ ባለቅኔ እንደ ተረከው፥ በግብረ ሐዋርያት ድያ ተብሎ የተጻፈው የግሪኮች አምላክ በጢሮስ ምድር የነበረችውን የንጉሥ ልጅ ኤውሮጳን ተመኛት። ነጭ ኮርማ መስሎ፥ የዋህ መስሎ ቀረባት፤ በጀርባው በተቀመጠች ጊዜም ወደ ባሕር ገብቶ እስከ ቀርጤስ ወሰዳት። በሥዕሉም ላይ ልጂቱ በጀርባዋ ተንጋላ፥ በአንድ እጇ የኮርማውን ቀንድ ይዛ፥ በሌላው ቀይ መጐናጸፊያዋን ወደ ላይ ታወዛውዛለች። ባልንጀሮቿ በሩቁ ዳርቻ ትንንሽ ሆነው ይታያሉ፤ ሊደርሱላትም አይችሉም። ልጅ የሰማዩንና የባሕሩን ቀለም አይቶ ተደሰተ፤ ፊደል ያልቆጠሩት እናት ግን የልጂቱን ጭንቅ አዩ። ሥዕሉን በትክክል ያነበቡት እርሳቸው ናቸው።

በዚህም ሠዓሊውን አንነቅፍም፤ ጭንቋን ሳይሸሽግ ሥሏልና። እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2022 መጀመሪያ ስድስቱ ሥዕሎች በለንደን፥ በማድሪድና በቦስተን በአንድነት ለሕዝብ በታዩ ጊዜ፥ በቦስተን ለትርኢቱ የተሰጠው ስም ሴቶችን፥ ተረትንና ሥልጣንን በአንድነት የሚያነሣ ነበር። የዚያ አገር ሊቃውንትም እንኳ ተረቱን ያለ ጥያቄ አላለፉትም። በቤተ መዘክር የቆመ ሰው ለማየትና ለመጠየቅ ይቆማል። ከመቀመጫ በላይ ተሰቅሎ ከምንጣፉ ቀለም ጋር እንዲስማማ የተመረጠ ሥዕል ግን ማንም አይጠይቀውም። ከሥሩ ይበላል፥ ይጠጣል፥ ይሣቃል። ዓይን የሌላውን ጩኸት እንደ ጌጥ ማየትን ከለመደ፥ ልብ በመንገድ የሚሰማውን ጩኸት ማለፍን ይለምዳል። የምንፈራውም ይህን ነው።

«በቤተ ክርስቲያን ግድግዳስ የሕፃናት በሄሮድስ መታረድ፥ የሰማዕታትም ሥቃይ ተሥሎ የለምን?» የሚል ይኖራል። አዎን፥ ተሥሏል። ነገር ግን በዚያ ታሪኩ ይነበባል፥ ይተረጐማል፤ የሚያየውም ሰው ከተገፉት ጋር ቆሞ ያዝናል፥ ይጸልያል። የሕፃናቱን ደም ለግድግዳው ማሳመሪያ ብሎ ያሣለ ክርስቲያን የለም።

እንግዲህ ሥዕል ለመስቀል የሚወድ ምእመን ሦስት ነገር ያስብ። መጀመሪያ፥ ሳይሰቅል ታሪኩን ይወቅ፤ በማዕድ ዙሪያ ለሴት ልጁ ሳያፍር ሊተርክላት የሚችለው ከሆነ ይስቀል፤ ኢካሮስ የአባቱን ምክር ባለመስማቱ መውደቁ ለልጆች ትምህርት ይሆናልና። ሁለተኛ፥ ሥዕለ አድኅኖ ከሚገኝበት፥ ጸሎትም ከሚደርስበት ስፍራ ይለየው። ሦስተኛ፥ ዕውቀት ቢኖረውም የወንድሙን፥ ይልቁንም የእናቱን ኅሊና አያቍስል፤ ሐዋርያው ስለ ወንድሙ መሰናከል ሥጋ መብላትን እንኳ ለመተው ፈቅዷልና። የሌላውን ሰው ግድግዳ እየዞረ የሚፈርድም አይኑር።

ለጠያቂያችንም ሥዕሉን አውርድ ብለን አላዘዝንም። «ልጃችን ሆይ፥ አንድ ቀን ማታ መብራቱን አብርተህ ከሥዕሉ ፊት ቁም፤ እናትህ ያዩትን አንተም እስክታይ ድረስ ተመልከት፤ ከዚያም የልብህን አድርግ» ብለን ጻፍንለት። ፍርዱን ለኅሊናው ትተናል።

የተገፉትን ለማየት ዓይነ ልቡናችንን ያብራልን፤ ለዘለዓለሙ አሜን።