ከሁለት ጣቢያ የተወለደ ድምፅ

ሬዲዮ ሲደነቁር ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያደርገው ድምፅ መጨመር ነው። ዕድሜዬን በመገናኛ ቴክኒሺያንነት ጨርሼ ጡረታ የወጣሁት እኔም፣ ኮልፌ ቤቴ ውስጥ አሮጌው ያኤሱ ኤፍአርጂ 7 ፊት ተቀምጬ ያደረግሁት ይህንኑ ነው። አልሆን ሲለኝ ደግሞ የባሰ ነገር አደረግሁ፤ አንቴናውን አስረዘምሁ። ከአጠና ተራ ሁለት ረጃጅም ባሕር ዛፍ አሸክሜ አመጣሁና አንዱን ግቢዬ ውስጥ፣ ሌላውን አስፈቅጄ ጎረቤቴ ሐጂ አጥር ጥግ አቆምሁ። በመካከላቸው 40 ሜትር ሽቦ ወጠርሁ። ሐጂ አንጋጠው አዩት።

«ይሄ ሁሉ ለአንድ ሬዲዮ ነው?»

«ከሩቅ ለመስማት ነው፣ ሐጂ።»

በዚያ ማታ ከሩቅ የመጣ አንድም ድምፅ አልሰማሁም። ማዞሪያውን የትም ባዞረው ያው የቅርብ ጣቢያ ነው፤ እዚህ ዜና፣ ትንሽ አለፍ ሲል ያው ዜና ተንሻፎ፣ ከዚያ ወዲያ እንደ ወንፊት የሚንሿሿ ጫጫታ። ቤቴ ውስጥ ማዳመጥ ብቻ ነው የምችለው፤ አነጋግሬ መልስ የምሰጠው 5 ኪሎ ቴክኖሎጂ ግቢ ወዳለው የአማተር ሬዲዮ ክለብ፣ በአየር ላይ ኢቲ3ኤኤ ተብሎ ወደሚታወቀው ጣቢያ ስሄድ ነው። ስለዚህ ማታ ማታ የኔ ሥራ ጆሮ መሆን ብቻ ነበር። ጆሮው ግን ተደፈነ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የተቀባይ የፊተኛው ክፍል የተሠራው ከአንቴና የሚመጣውን እጅግ ደካማ ሞገድ እንዲያነሣ ነው። ኃይለኛ ጣቢያ ቅርብ ካለና አንቴናው ያለ ልክ ረጅም ከሆነ፣ ያ ክፍል እሳት እንደ በዛበት ጀበና ይገነፍላል። የገነፈለ ጀበና ቡናውን ብቻ አያፈስም፤ ፍሙንም ያጠፋል። የሩቁ ደካማ ድምፅ ያኔ አንቴናው ላይ አለ፣ ሽቦው ውስጥ አለ፣ ሬዲዮው ደጃፍ ድረስ ደርሷል፤ የሚሰማው ግን የለም።

ብዙ ዘመን «እግዚአብሔር ለምን ዝም ይላል?» ብዬ ጠይቄያለሁ። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ደግሞ አብዝቼ። ጸሎት ጨመርሁ፣ ስዕለት ጨመርሁ፣ ሌሊት መነሣት ጨመርሁ። አሁን ሳስበው ሽቦ ማስረዘም ነበር።

የኃይል ነገር ከተነሣ አንድ ታሪክ ልጨምር። የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በየካቲት 1955 ዓ.ም. ብሥራተ ወንጌል ሬዲዮን ሲከፍት ጌጃ ላይ ያቆማቸው ሁለት የአጭር ሞገድ ማሠራጫዎች እያንዳንዳቸው 100 ኪሎ ዋት ነበሩ። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ደርግ ወረሰውና የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ሆነ። ማሠራጫው ያው፣ አንቴናው ያው፣ የሚነገረው ቃል ግን ሌላ። የተቀባዩ መርፌ በሁለቱም ዘመን እኩል ነው የሚዘለው። መርፌ ኃይልን ይለካል እንጂ እውነትን አይለካም፤ ይህን እያወቅሁ ነው እንግዲህ የሚከተለው የደረሰብኝ።

አምና በዐቢይ ጾም፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት አካባቢ፣ 7190 ኪሎ ኸርዝ ላይ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ በፊት እዚያ ቦታ ምንም ሰምቼ አላውቅም። የወንድ ድምፅ ነው፣ በአማርኛ። «…ቤትህን ትተህ…» አለ። ሙዚቃ ዋጠው። ቆይቶ ሌላ ድምፅ መሰለኝ፣ «…ዛሬውኑ…» አለ። ከዚያ ሹልክ ብሎ ጠፋ፣ ተመለሰ፣ ጠፋ። ማዳመጫውን ከጆሮዬ ሳወርድ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ልጄ ካለችበት ከካናዳ «ና» እያለች ስትወተውተኝ ከርማለች። እኔም ከአገሩና ከዘመዱ እንዲወጣ የታዘዘውን አብርሃምን አሰብሁ። በማግስቱ ደላላ ጠራሁ። ደላላው ግቢውን ዞሮ አየና «ጋሼ፣ እነዚህ እንጨቶች ግን ገዢ ያስፈራሉ» አለኝ።

ሦስት ቀን ቆይቶ ያ ድምፅ እንደገና መጣ። በዚህ ጊዜ ግን የድሮው ሙያዬ ከፍርሃቴ ቀድሞ ነቃ። ሁለት ኃይለኛ ጣቢያዎች፣ አንዱ 7210፣ ሌላው 7230 ላይ አሉ እንበል። የተጨናነቀ ተቀባይ ሆዱ ውስጥ ያዳቅላቸዋል፤ የመጀመሪያው እጥፍ ሲሆንና ሁለተኛው ሲቀነስለት 7190 ይመጣል። እዚያ ቦታ ላይ የሁለቱን ንግግር ቀላቅሎ የሚናገር፣ ማንም በየትኛውም ማሠራጫ ያላሠራጨው ሦስተኛ ጣቢያ ይሰማል። የሚኖረው ሬዲዮው ውስጥ ብቻ ነው።

ይህ ጥርጣሬ ማረጋገጫ አለው፤ ማረጋገጫውም መቀነስ ነው። የያኤሱ ፊት ላይ «ዲኤክስ»፣ «ኖርማል»፣ «ሎካል» የሚል ባለ ሦስት ደረጃ መቀየሪያ አለ፤ ለሩቅ ክፈት፣ ለቅርብ ቀንስ ማለት ነው። የኔ ዘወትር ለሩቁ ክፍት ነበር። እኔ ግን በልኩ የማውቀውን ቅናሽ ስለፈለግሁ ከአሮጌ ቴሌቪዥን ቦርድ ሦስት ሬዚስተር ነቀልሁ፤ ሁለት 100 ኦም፣ አንድ 68 ኦም። 68ቱን በአንቴናው መስመር ላይ አጋደምሁት፣ ሁለቱን መቶዎች ከጫፍና ከጫፉ ወደ መሬት አወረድኋቸው። አቴኑዌተር የሚባለው ይህ ነው፤ 10 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል፤ አንድ አሥረኛ ያህል ኃይል ብቻ ያስገባል ማለት ነው። ከውጭ የመጣ እውነተኛ ጣቢያ በዚሁ በ10 ይወርዳል። ውስጥ የተወለደው ዲቃላ ግን በ30 ይወርዳል፤ አንድ ሺሕኛ ይሆናል።

ሽቦውን በዚያች በኩል አስገባሁት። ሰውዬው ድራሹ ጠፋ። በዝምታው ውስጥ፣ ለስላሳና ቀጭን፣ አንድ የሞርስ ጥሪ ተሰማ፤ በ5ዜድ4 ይጀምራል፣ ከኬንያ ነው። ስንት ሌሊት ሲጣራ እንደከረመ እሱ ያውቃል።

ለንስሐ አባቴ ሁሉንም ነገርኋቸው። ሬዚስተሩን በወረቀት ሥዬ ሳሳያቸው ወረቀቱን ገለበጡት፣ መልሰው ሰጡኝ።

«እግዚአብሔር በበለዓም አህያም ተናግሯል፣ ልጄ። በተበላሸ ሬዲዮ አይናገርም ትላለህ?»

«አልልም፣ አባ።»

«አህያዪቱ ግን ለበለዓም የነገረችው የማይወደውን ነው። የአንተ ድምፅ የነገረህ የማትወደውን ነበር?»

ዝም አልሁ። ባለቤቴ ካረፈች ጀምሮ ያ ቤት አስጠልቶኝ ነበር። ልጄ «ና፣ እይኝ» አለች እንጂ ቤቱን ሽጠው አላለችም። ሐዘኔም የራሱ ልቅሶ ነበረው እንጂ ስለ ካናዳ አያውቅም። ሁለቱ እውነተኛ ጣቢያዎች ነበሩ፣ ሁለቱም ኃይለኛ። «ሽጠህ ሂድ» ያለኝ ግን ከሁለቱ አንዱም አልነበረም።

ስለዚህ ኤልያስን በኮሬብ ሳስብ አሁን ሌላ ነገር ይታየኛል። ነፋሱ፣ የምድር መናወጡና እሳቱ ሐሰት አልነበሩም፤ በእውነት ነፍሰዋል፣ አናውጠዋል፣ አቃጥለዋል። ነቢዩ ትንሹን ድምፅ እስኪሰማ ድረስ እነዚያን አሳለፈ እንጂ አልተከራከራቸውም። ልጁ ሳሙኤል ደግሞ ከኔ በተቃራኒው ተሳስቷል፤ የሩቁን ጥሪ የቅርብ መስሎት ሦስት ጊዜ ወደ ዔሊ ሮጠ። የኔም የእሱም ስህተት የጆሮ ነው። በሐተታ ዘርዓ ያዕቆብም ባለታሪኩ በሱስንዮስ ዘመን የካቶሊኮቹና የግብጻውያኑ ክርክር ጆሮ ሲያደነቁር ሁለት ዓመት ዋሻ ውስጥ ተቀምጦ የሚጠይቀው በሁለቱ መካከል ማን ይፈርዳል የሚለውን ነው። መጽሐፉን የጻፈው በእርግጥ ማን ነው የሚለው እንደ ፈረንጆቹ ከ1920 ጀምሮ ሲያከራክር ኖሯል፤ ዋሻው ግን ለኔ ይገባኛል። አቴኑዌተር ነው።

ኮልፌ ንጋት ላይ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቃል። አዛኑ፣ የቅዳሴው ሞንታርቦ፣ ከማዶ የጸሎት ቤቱ ኪቦርድ፣ በመሐል የታክሲ ረዳት። ድሮ እበሳጭ ነበር። አማተር ሬዲዮ ግን በዚህ ላይ ጥብቅ ፍርድ አለው፤ በተፈቀደለት ሞገድ ላይ በንጹሕ የሚያሠራጭ ጣቢያ ቢበረታም ጥፋተኛ አይደለም፣ መጨናነቁ የተቀባዩ ነው። ሐጂ ለፈጅር ሲነሡ እኔ ለኪዳን እነሣለሁ፤ በር ላይ ሰላም እንባባላለን።

መቀነስ ግን ወሰን አለው፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ መዋሸት ይሆንብኛል። በ7 ሜጋ ኸርዝ አካባቢ ከሰማይና ከከተማ የሚገባው ጫጫታ ከተቀባዩ የራሱ ጫጫታ ይበልጣል፤ ስለዚህ 10 ስትቀንስ ደካማው ድምፅና የውጭው ጫጫታ አብረው ይወርዳሉ፣ የሚጎዳ የለም። ከልክ በላይ ከቀነስህ ግን የሚቀርህ የሬዲዮው የራሱ ሹክሹክታ ነው። ያለ መካሪ አርምሞ የሚገቡ ሰዎች የገዛ ትንፋሻቸውን ሰምተው ሲወጡ አይቻለሁ። ጾምም እንዲሁ ነው፤ ከሆዱ በቀር ምንም ያልሰማ ጿሚ ሞልቷል።

ክለብ ውስጥ የኢንጂነሪንግ ተማሪ የሆነ አንድ ልጅ ይህን ሁሉ ሰምቶ «ጋሼ፣ ምርመራዎ የሐሰቱን ያጠፋል እንጂ የቀረው እውነት መሆኑን አያረጋግጥም» አለኝ። ልክ ነው። ከኬንያ የተጣራው ሰው የማረጋገጫ ካርድ ሊልክልኝ ይችላል፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ሞገድ ጽፎ። ከላይኛው በኩል ካርድ የሚልክ የለም። ያለኝ ዘዴ የሚነግረኝ ይህ ድምፅ ከኔ አልተወለደም የሚለውን ብቻ ነው፤ ከማን እንደ ሆነ አይነግረኝም። ልጁ ይህ ትንሽ ነው ይላል። ለኔ ደላላ ለመመለስ በቅቶኛል።

ቤቱ አልተሸጠም፤ በጥቅምት ልጄን ለማየት ሦስት ወር ሄጄ እመለሳለሁ። ሽቦውን 12 ሜትር ላይ ቆርጬዋለሁ። የተረፈውን የሐጂ ልጅ ልብስ ማስጫ አድርጋዋለች።