ዕዳ በይርጋ ይቀራልን?

ሰሊጥ ለማረምና ለማጨድ ከደጋ ወደ ሽንፋና ወደ መተማ ቆላ የሚወርድ የቀን ሠራተኛ ወባና ካላ አዛር እንደሚጠብቁት ያውቃል። በዋልካው ስንጥቅና በግራሩ ሥር የምትኖረው የአሸዋ ዝንብ የነደፈችው ሰው ትኩሳቱ አልለቅ ይለዋል፤ ጣፊያው ያብጣል፤ ሰውነቱ ይመነምናል። የካላ አዛር መድኃኒት በመንግሥት ጤና ተቋማት በነጻ ይሰጣል። ይሁን እንጂ በሽታው እስኪታወቅ ድረስ በየግል ክሊኒኩ ለምርመራ የሚወጣው፣ የአስታማሚው ቀለብና የመጓጓዣው ወጪ በነጻ አይደለም። በ2003 ዓ.ም. በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንም ቤተሰብን በሚኖርበት ወረዳ የሚመዘግብ በመሆኑ ከቤቱ ርቆ ለሚሠራው አይመችም።

እንበልና እንዲህ ያለው ሰው ሒሳቡን በኋላ ሊከፍል ፈርሞ ታክሞ ዳነ፤ አገሩም ገባ። ከ11 ዓመት በኋላ የፍርድ ቤት መጥሪያ ቢደርሰው ምን ያድርግ?

ብዙ ሰው መጥሪያ ሲያይ ይሸሻል። ይህ ከሁሉም የከፋው መንገድ ነው። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 70 መሠረት መጥሪያ ደርሶት ያልቀረበ ተከሳሽ ጉዳዩ በሌለበት ይሰማል። አንቀጽ 78 በበቂ ምክንያት ላልቀረበ ሰው በር ትቶለታል፤ ፍርዱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በአንድ ወር ውስጥ እንዲነሣለት ማመልከት ይችላል። የቀረበ ግን ብዙ የሚለው አለው። ደረሰኙ የት አለ? ፊርማው የማን ነው? ሒሳቡስ ለየትኛው ሕክምና ነው? ቁርአን በሱረቱል በቀራ 282ኛ አንቀጽ ዕዳ እንዲጻፍ ያዘዘው ለአበዳሪም ለተበዳሪም ጥበቃ ነውና ይህን መጠየቅ ነውር የለበትም።

ዋናው ጥያቄ ይርጋ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1845 ከውል የሚመነጭ ግዴታ ሌላ ድንጋጌ ከሌለ በ10 ዓመት እንደሚታገድ ይናገራል። ዳኛው ግን ይህን በራሱ አያነሣም፤ ተከሳሹ በመልሱ መጀመሪያ ሊቃወም ይገባል። አሥሩ ዓመት ሳይሞላ ጥቂት ብር የከፈለ ወይም ዕዳውን ያመነ ከሆነም በአንቀጽ 1851 ቆጠራው ይቋረጥና እንደገና ይጀመራል።

ታዲያ አላህን የሚፈራ ሰው በዚህ መቃወሚያ ይጠቀም? የዑስማንያ መንግሥት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያወጣው የመጀላ ሕግ አብዛኞቹ ክሶች ከ15 ዓመት በኋላ እንዳይሰሙ ከልክሏል። በዚያው ሕግ ሐቅ በዘመን ርዝመት እንደማይጠፋ፣ ተከሳሹ በዳኛ ፊት ካመነም ዘመኑ እንደማይጠቅመው ተጽፏል። በዚህ ዓይን ሲታይ ይርጋ የፍርድ ቤቱን በር ይዘጋል እንጂ ዕዳውን አይፍቅም።

ስለዚህ ባለዕዳውን መለየት ያስፈልጋል። ሱቅ ከፍቶ፣ ቤት ሠርቶ እያለ አሥሩን ዓመት ቆጥሮ የሚደበቅ ሰው ሐቅ በልቷል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የባለጸጋን ማጓተት በደል ብለውታል። የሌለው ሰው ነገር ግን ሌላ ነው። እስኪያገኝ ድረስ ጊዜ እንዲሰጠው ያዘዘው አላህ ራሱ ነው (አል-በቀራ 280)፤ መተዉ ደግሞ ለአበዳሪው በላጭ ተብሏል። ከሳሹ ይህን ጊዜ ከነፈገው ችግረኛው በሕጉ ጋሻ ቢከላከል እኔ ጥፋት አላይበትም። አልታከምኩም ብሎ መካድና በሐሰት መማል ግን አይፈቀድለትም። ታክሜያለሁ፣ አልካድኩም፣ ዛሬ የለኝም፣ ሕጉም ይህን ይላል ማለት ይችላል። ሲያገኝ ይከፍላል፤ ያን ጊዜ የሚያስገድደው ዳኛ ባይኖርም።

በክሱ ላይ ወለድም ይኖራል፤ ሕጋዊው ወለድ በአንቀጽ 1751 በዓመት 9 በመቶ ነው። ሐኪሙ የደከመበትን ዋጋ መክፈል ግዴታ ነው። ወለዱን ግን ሙስሊም ከሳሽ ከነጭራሹ ባይጠይቅ፣ ተከሳሹም አጥብቆ ቢከራከርበት ይገባል።

በሐዲስ እንደተዘገበው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መክፈያ ሳይተው በሞተ ባለዕዳ ላይ ሳይሰግዱ በቆዩ ጊዜ አቡ ቀታዳ ዕዳውን በራሳቸው ላይ ወሰዱና ሰገዱበት። ኋላ አላህ ሀብት በከፈተ ጊዜ እንዲህ ያለውን ዕዳ ነቢዩ ራሳቸው ይከፍሉ ነበር። ባለዕዳዎች ዘካ ከሚገባቸው ስምንት ወገኖች አንዱ መሆናቸውም በሱረቱ ተውባ 60ኛ አንቀጽ ተጽፏል። በረመዳን ዘካ ስናከፋፍል ግን የምናስታውሰው ሚስኪኑንና የቲሙን ነው። የሐኪም ቤት ሒሳብ ይዞ የሚመጣውን ስንቶቻችን ጠይቀነዋል? በመተማም ሆነ በጎንደር ያሉ የመስጊድ ኮሚቴዎች በመዝገባቸው ለእርሱ አንድ ገጽ ቢለዩለት ሐኪም ቤቱም ገንዘቡን ያገኛል፤ ሠራተኛውም ለሚመጣው አጨዳ ወደ ሽንፋ ሲወርድ ዞር ዞር እያለ አይሄድም።